ሲሞን ሲኞሬ፤ ስምዋንና ፊትዋን ያልሸጠች ተዋናይት

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምንሰማው ቆም ብለን ትርጓሜውን የምንመረምር ጥቂቶች ነን። ለመሆኑ ስም ማለት ከወላጅ የተቀበልነው መጠሪያ ብቻ ነውን? ወይስ ሰው በሥራውና በጠባዩ ቀስ በቀስ የሚሠራው ነገር ነው? እኔ ለዘንድሮው መጽሔታችን ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በሕይወትዋ ስለ መለሰች ስለ አንዲት ፈረንሳዊት የፊልም ተዋናይት ነው። ስምዋም ሲሞን ሲኞሬ ይባላል።

አሳቤን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ አንዱ «ስለ ሳይንስ ሊቅ ወይም ስለ ጦር ጀግና መጻፍ ሲቻል ስለ ሲኒማ ሰው መጻፍ ለተማሪ ምን ይረባዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከወላጆቻችንም መካከል እንደዚሁ የሚያስቡ ብዙዎች ይመስሉኛል። ተዋናይነት መልክ ላለው ሰው በዕድል የሚመጣ፥ ድካም የሌለበት፥ ሲያረጁም እንደ ጤዛ የሚጠፋ ነገር ነው የሚል እምነት አለ። እኔ ግን የዚህችን ሴት ፊልሞች ካየሁና የሕይወት ታሪክዋን ካነበብሁ በኋላ ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። የተረዳሁትንም በተቻለኝ መጠን አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ልደትዋና አስተዳደግዋ

ሲሞን ሲኞሬ ማርች 25 ቀን 1921 በጀርመን አገር በቪስባደን ከተማ ተወለደች። ፈረንሳዊት ሆና ሳለች በጀርመን አገር የተወለደችበት ምክንያት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ጦር የራይንን ወንዝ አካባቢ ይዞ ስለ ነበረና አባትዋም በዚያው ጦር ውስጥ ያገለግሉ ስለ ነበረ ነው። አባትዋ አንድሬ ካሚንከር ትውልዳቸው ከፖላንድ አይሁድ ወገን ሲሆን፥ እናትዋ ጆርጀት ሲኞሬ ግን የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ነበሩ። ስለዚህ ልጅቱ ስትወለድ የተጠራችበት ስም ሲሞን ካሚንከር እንጂ ሲሞን ሲኞሬ አልነበረም። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ብሎ ይያዝልኝ።

ያደገችው በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በኔዪ ከተማ ነው። ሁለት ታናናሽ ወንድሞችም ነበሯት። አባትዋ በአስተርጓሚነት ሙያ እጅግ የታወቁ ሰው ሆኑ። በ1934 ሂትለር በኑረምበርግ ያደረገውን ንግግር፥ ሰውዬው ገና እየተናገረ ሳለ፥ ለፈረንሳይ ራዲዮ አድማጮች ወዲያው እየተረጐሙ ያሰሙት እርሳቸው ናቸው። የአይሁድ ዘር የሆነ ሰው የአይሁድን ጠላት ቃል በገዛ አፉ ለሕዝብ ማሰማቱ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ነበረ አንባቢ ሊገምተው ይችላል።

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናትና ልጆች ከፓሪስ ወጥተው በብሪታኒ ክፍለ አገር በቫን ከተማ ተቀመጡ። ሲሞን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትዋን የፈጸመችው በዚያ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተማሯት ወጣት መምህርት ሉሲ ይባሉ ነበር። እኚህ ሴት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጀርመን ጋር በሚዋጉት በፈረንሳይ የውስጥ አርበኞች መካከል ተሰልፈው፥ በ1943 በሊዮን ከተማ የታሰሩትን ባለቤታቸውን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በጦር መሣሪያ ኃይል አስለቀቁ። እስከ ዛሬም ሉሲ ኦብራክ በሚለው ስም በፈረንሳይ አገር ሁሉ የተከበሩ ናቸው። ተማሪ መምህሩን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻ ሲያየው ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆነ ሳያውቅ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ መማር ይቻላል።

ስም መሸሸግ ግድ በሆነበት ዘመን

በጁን 1940 ፈረንሳይ ተሸነፈች፤ የጀርመን ጦር ፓሪስን ያዘ። አንድሬ ካሚንከርም ወደ ለንደን ተሻግረው ጄኔራል ደ ጎል ከሚመሩት ነፃ ፈረንሳውያን ጋር ተባበሩ። ሲሞን ያን ጊዜ የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። አባት በሌሉበት የእናትዋና የሁለት ወንድሞችዋ እንጀራ በእርስዋ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያ እንግሊዝኛና ላቲን ለልጆች እያስጠናች ጥቂት ገንዘብ ታገኝ ነበር። ኋላም ከጀርመኖች ጋር በሚተባበር አንድ ጋዜጣ ቤት በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ተቀጠረች።

ይህን የሚሰማ ሰው «አባትዋ ከጠላት ጋር ሲዋጉ እርስዋ እንዴት በጠላት ጋዜጣ ትሠራለች?» ሊል ይችላል። ነገር ግን የተራበ ቤት ያለበት የ19 ዓመት ልጅ ምርጫው ሰፊ አይደለም። የሚደነቀው ነገር ሥራውን መያዝዋ ሳይሆን መተውዋ ነው። ጥቂት ወራት ከሠራች በኋላ፥ በ1941፥ ደመወዙን ትታ ወጣችና ምንም ዋስትና ወደሌለው ወደ ፊልም ሥራ ዞረች። ወደዚያ የመሯት ካፌ ደ ፍሎር በሚባለው የፓሪስ ቡና ቤት ያገኘቻቸው ወጣት ደራስያን፥ ሠዓልያንና ተዋንያን ነበሩ።

እዚህ ላይ ትልቅ መሰናክል ገጠማት። በ1940 በወጣው ሕግ መሠረት አይሁድ ከብዙ ሥራዎች ታግደው ነበር። በፊልም ለመሥራት የፈቃድ ወረቀት ማግኘት ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ የአይሁድ ዘር አለመሆንን ማስረዳት ግዴታ ነበር። ካሚንከር የሚለው ስም ፈቃድ የሚያስከለክል ብቻ ሳይሆን ሰውን ለሞት አሳልፎ የሚሰጥ ስም ሆነ። ስለዚህ ወጣቲቱ የአባትዋን ስም አስቀምጣ የእናትዋን ስም ያዘች። ሲሞን ሲኞሬ የሚለው ስም የተወለደው እንዲህ ነው፤ ለጌጥና ለዝና ሳይሆን ለነፍስ ማትረፊያ።

ፈቃድ ስላልነበራት ትልቅ ሚና ሊሰጣት አልቻለም። በአጃቢነት ብቻ ሠራች። አጃቢ ማለት በፊልም ውስጥ በሕዝብ መካከል የሚያልፍ፥ በግብዣ ላይ የሚቀመጥ፥ ነገር ግን የማይናገር ወይም አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ የሚያልፍ ሰው ነው። በ1942 ማርሴል ካርኔ የተባለው ታላቅ አዘጋጅ በሠራው «የማታ እንግዶች» በተባለው ፊልም ከአጃቢዎቹ አንዷ እርስዋ ነበረች። ዛሬ ፊልሙን የሚያይ ሰው ከሕዝቡ መካከል እርስዋን ለይቶ ለማግኘት ዐይኑን ማድከም ይኖርበታል።

የሥራዋ መጀመሪያ

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ኢቭ አሌግሬ ከተባለው አዘጋጅ በ1946 ካትሪን የምትባል ልጅ ወለደች። ካትሪንም እንደ እናትዋ ተዋናይት ሆናለች። በዚያው ዓመት በወጣው «ማካዳም» በተባለው ፊልም ላይ ባሳየችው ሥራ ለወጣት ተዋንያን የሚሰጠውን የሱዛን ቢያንኬቲን ሽልማት አገኘች። በ1948 አሌግሬ ባዘጋጀው «ዴዴ ዳንቨር» በተባለው ፊልም ደግሞ ስምዋ በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

ከአሌግሬ ጋር ብዙ አልቆዩም። በ1949 በደቡብ ፈረንሳይ በሳን ፖል ደ ቫንስ መንደር ኢቭ ሞንታን ከተባለው ዘፋኝና ተዋናይ ጋር ተዋወቀች፤ በዲሴምበር 1951 በዚያው መንደር ተጋቡ። ሞንታንም የተወለደው በሌላ ስም ነበር። እርሱ ኢቮ ሊቪ የሚባል፥ ወላጆቹ ከሙሶሊኒ አገዛዝ ሸሽተው ወደ ማርሴይ የተሰደዱ የኢጣልያ ድኻ ልጅ ነው። እንግዲህ ሁለቱም በክፉ ዘመን ምክንያት ስማቸውንና ኑሮአቸውን እንደ ገና የሠሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

የፊልም ተዋናይነት ምን ዐይነት ሥራ ነው?

ወደ ታላላቅ ፊልሞችዋ ከመግባቴ በፊት ስለ ሙያው ጥቂት ላስረዳ። በቴአትር መድረክ ላይ የሚጫወት ሰው ድምፁንና እንቅስቃሴውን ከፍ ማድረግ አለበት፤ በመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካች ሊሰማውና ሊያየው ይገባልና። በእኛ የድራማ ክበብ ውስጥ የተለማመድን ሁሉ «ድምፅህን አውጣ!» የሚለውን የመምህራችንን ትእዛዝ እናስታውሳለን። በፊልም ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ካሜራው እስከ ፊት ድረስ ቀርቦ ስለሚያነሣ የዐይን ሽፋን መርገብገብ እንኳ በሸራው ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል። በመድረክ ላይ ያማረው ጩኸት በፊልም ላይ ሐሰት ይሆናል።

ከዚህም በላይ ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይነሣም። የመጨረሻው ልቅሶ በመጀመሪያው ቀን፥ የመጀመሪያው ሳቅ በመጨረሻው ቀን ሊነሣ ይችላል። ተዋናይዋ የታሪኩን ሁሉ ክብደት በልብዋ ይዛ፥ በማናቸውም ሰዓት «አሁን» ሲሏት ከተፈለገው ስፍራ መጀመር አለባት። «ሙያ በልብ ነው» የሚባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የሲሞን ሲኞሬ ልዩ ስጦታ ዝም ብላ መናገር መቻልዋ ነው። በ1952 ዣክ ቤከር ያዘጋጀው «ካስክ ዶር»፥ ማለት «የወርቅ ራስ ቁር»፥ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ስሙ የተሰጠው ማሪ የተባለችው ባለታሪክ ወርቃማ ጠጕርዋን በራስዋ ላይ እንደ ቁር ስለምትከምረው ነው። ታሪኩ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፓሪስ ወንበዴዎች መካከል የሚፈጸም ነው። ማሪና ማንዳ የተባለ አናጢ ይዋደዳሉ፤ በዚህም ምክንያት ደም ይፈስሳል፤ በመጨረሻም ማንዳ በሞት ይቀጣል። ማሪ በመስኮት ሆና የወዳጅዋን ሞት ታያለች። አትጮኽም፤ አታለቅስም። ተመልካቹ ግን ከፊትዋ ላይ ሁሉን ያነባል።

ይህ ፊልም በወጣ ጊዜ በገዛ አገርዋ በፈረንሳይ ብዙ ሰው አልወደደውም። በእንግሊዝ አገር ግን ተመሰገነ፤ እርስዋም ከብሪታንያ የፊልም አካዳሚ የውጭ አገር ምርጥ ተዋናይት ተብላ ተሸለመች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፥ ዛሬ በፈረንሳይም ከታላላቆቹ ፊልሞች መካከል ይቈጠራል።

በ1955 የወጣው «ዲያቦሊክ» የተባለው ፊልም ተማሪዎችን በተለይ ይስብ ይሆናል፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በአዳሪ ትምህርት ቤት ነውና። የጭካኔ ሰው የሆነውን ዳይሬክተር ሚስቱና አንዲት መምህርት ተማክረው ሊገድሉት ይነሣሉ። መምህርቲቱ ሲሞን ሲኞሬ ናት። አዘጋጁ አንሪ ዦርዥ ክሉዞ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ተመልካቾች ፍጻሜውን ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ ስለ ለመነ እኔም ልመናውን አከብራለሁ። ወላጆችም ሆኑ መምህራን እንዳይሠጉ ግን፥ ከትምህርት ቤታችን ጋር የሚመሳሰልበት ነገር እንደሌለ አረጋግጣለሁ!

ስሙን ለሐሰት ያልሰጠው ሰው

በ1954 ሲሞን ሲኞሬና ኢቭ ሞንታን በፓሪስ የሣራ በርናር ቴአትር የአሜሪካዊውን ደራሲ የአርተር ሚለርን የሴለም ጠንቋዮች ታሪክ አብረው ተጫወቱ፤ በ1957 ደግሞ ይኸው ታሪክ ፊልም ሆኖ ወጣ። በዚህ ፊልም ሁለተኛ ጊዜ የብሪታንያን ሽልማት አግኝታለች።

ታሪኩ በ1692 በአሜሪካ ሴለም በተባለች መንደር የተፈጸመ ነው። ብዙ ንጹሓን ሰዎች ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው ይከሰሳሉ። ከእነርሱ አንዱ ጆን ፕሮክተር የተባለ ገበሬ ነው። በሐሰት «አዎን፥ ጠንቋይ ነኝ» ብሎ ቢፈርም ነፍሱ ይድናል። በአፉ ካመነ በኋላ ወረቀቱን በሕዝብ ፊት ሊሰቅሉት መሆኑን ሲያውቅ ግን ይቀድደዋል፤ ከነፍሱ ይልቅ ስሙ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር መርጦ ወደ መሰቀያው ይሄዳል። ሲኞሬ የተጫወተችው የሚስቱን የኤልሳቤጥን ሚና ነው። ባልዋን በቃልዋ ልታድነው ትችል ይሆናል፤ ነገር ግን ንጽሕናውን እንዳትወስድበት ትፈራለች።

እኔ ይህን ክፍል ሳስብ የሚታየኝ በ1941 የአባትዋን ስም ለመሸሸግ የተገደደችው ልጅ ናት። በሕይወትዋ አንድ ጊዜ ስምዋን ሸሽጋ ነፍስዋን አዳነች። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን የያዘችውን ስም ዳግመኛ አልሸሸገችም። ለዚህም ማስረጃ አለኝ።

በ1950 የአቶሚክ ቦምብ እንዲታገድ የሚጠይቀውን የስቶክሆልም ጥሪ ፈረመች። በዚህና ከግራ ወገን ጋር ባላቸው ወዳጅነት ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ለብዙ ዓመታት ለእርስዋና ለባልዋ የመግቢያ ፈቃድ ከለከላቸው። በኖቬምበር 1956 የሶቪየት ጦር የሃንጋሪን ሕዝብ አመፅ በታንክ ደመሰሰ። ሞንታን በሞስኮ ሊዘፍን አስቀድሞ ተዋውሎ ስለ ነበር ባልና ሚስት በዲሴምበር ሄዱ። በፈረንሳይ አገር ስለዚህ ጕዞ ብዙ ነቀፌታ ደረሰባቸው። ነገር ግን ክሩሽቾፍና ሌሎች ታላላቅ ሹማምንት እራት በጋበዙአቸው ጊዜ ስለ ሃንጋሪ ፊት ለፊት ጠየቁአቸው። የመሄዳቸው ነገር ሊያከራክር ይችላል፤ በእንግድነት በተቀመጡበት ማዕድ ላይ እንዲህ ዐይነቱን ጥያቄ ማንሣት ግን ቀላል ድፍረት አይደለም። በ1970 ሁለቱ «ኑዛዜው» በተባለው ፊልም በቼኮስሎቫኪያ የኮሙኒስት መንግሥት ሰዎችን በግዳጅ እንዴት በሐሰት ያናዝዝ እንደ ነበር በግልጽ አሳይተዋል። እዚህም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ በሐሰት የሚፈረም ስም።

በሴፕቴምበር 1960 ደግሞ በአልጄሪያ ጦርነት ለመዋጋት እምቢ የሚሉትን ወጣቶች የሚደግፈውን የ121 ሰዎች መግለጫ ፈረመች። በዚህ ምክንያት ፈራሚዎቹ ከመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን ታገዱ። ለአንዲት ተዋናይት ይህ ኪሳራው ቀላል አይደለም። ይህንም ያደረገችው በሙያዋ ከሁሉ ወደሚበልጠው ክብር በደረሰችበት በዚያው ዓመት ነው።

ከፍተኛው ሽልማት

ያ ክብር የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። በ1959 የወጣው «በላይኛው ፎቅ ያለ ክፍል» የተባለው ፊልም ከጆን ብሬን ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን አዘጋጁ ጃክ ክሌተን ነው። ጆ ላምተን የተባለ ድኻ ወጣት ለመክበር ሲል የአንድ ባለፋብሪካ ልጅ ለማግባት ይፈልጋል። ከልቡ የሚወዳት ግን አሊስ የተባለች በዕድሜ የምትበልጠውን፥ ትዳርዋ ያልቀናላትን ሴት ነው። በመጨረሻ ሀብትን መርጦ አሊስን ይተዋታል፤ እርስዋም በመኪና አደጋ ትሞታለች። እርሱ የፈለገውን ሁሉ አግኝቶ በሠርጉ ቀን ያዝናል።

አሊስን የተጫወተችው ሲኞሬ ናት። በዚህ ሥራዋ በ1959 በካን የፊልም በዓል ምርጥ ተዋናይት ተባለች፤ ሦስተኛውንም የብሪታንያ ሽልማት አገኘች። በኤፕሪል 1960 ደግሞ፥ ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዳትገባ በከለከላት በአሜሪካ አገር፥ ኦስካር ተሰጣት። በዚያ ዓመት ከእርስዋ ጋር የተወዳደሩት ኦድሪ ሄፕበርን፥ ካትሪን ሄፕበርን፥ ኤልሳቤጥ ቴይለርና ዶሪስ ዴይ ነበሩ። ተዋናይቱ ያን ጊዜ የ39 ዓመት ሴት ነበረች።

ፊትዋን ያልሸሸገች

አሁን ወደ ጽሑፌ ዋና ነገር ደርሻለሁ። በፊልም ዓለም ለወንድና ለሴት የሚሰፈረው መስፈሪያ አንድ አይደለም። ወንድ ተዋናይ ሲሸብት ግርማ ሞገስ አገኘ ይባላል፤ ሴት ስትሸብት ግን ሚናው ይቀንስባታል። ብዙዎች ስለዚህ ዕድሜያቸውን ይደብቃሉ፤ በቅባት፥ በመብራትና በሐኪም ቢላዋ ከጊዜ ጋር ይታገላሉ። ኦስካር ያገኘች ቆንጆ ሴትም ያንኑ መልክ ለማቆየት ትደክማለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ሲሞን ሲኞሬ ይህን አላደረገችም። ፊትዋ ሲጨማደድ፥ ሰውነትዋ ሲወፍር፥ ድምፅዋ ሲጐረንን ሁሉንም ካሜራው ፊት አቀረበችው። ጋዜጦችም በዚህ ምክንያት ብዙ ክፉ ቃል ጽፈውባታል። እርስዋ ግን የኖረ ፊት ለተዋናይ መሣሪያ መሆኑን ዐውቃ ነበር። ሁሉም ነገር ተሳክቶላት ነበር ለማለትም አይደለም። በ1966 በለንደን ከአሌክ ጊነስ ጋር የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በእንግሊዝኛ ስትጫወት ነቃሾች ክፉኛ ነቅፈዋታል። የሆነ ሆኖ ሥራዋን አላቋረጠችም።

ከዚህ በኋላ የሠራቻቸው ፊልሞች በወጣትነትዋ ከሠራቻቸው የሚያንሱ አይደሉም። በ1969 ዣን ፒየር ሜልቪል «የጥላ ሠራዊት» በተባለው ፊልም ማቲልድ የተባለች የውስጥ አርበኛ አድርጎ አጫወታት። ማቲልድ ብልኅና ደፋር ናት፤ ድካምዋ አንድ ብቻ ነው፤ የልጅዋን ፎቶግራፍ ከቦርሳዋ ለማውጣት አልቻለችም። ጀርመኖች ሲይዙአት በዚያች ልጅ ያስፈራሩአታል። ጓደኞችዋ ምስጢር እንዳታወጣ ሲሉ በመንገድ ላይ ይገድሉአታል። ከመኪናቸው ሆነው ሲቀርቡ ትመለከታቸዋለች። በዚያ አንድ አፍታ በፊትዋ ላይ መደንገጥና መረዳት አብረው ይታያሉ፤ አንድ ቃል እንኳ አትናገርም። በቫን ከተማ የሉሲ ኦብራክ ተማሪ የነበረችው ልጅ ከ30 ዓመት በኋላ አርበኛ ሆና ስትሞት ማየት ልብን ይነካል።

በ1971 «ድመቱ» በተባለው ፊልም ከዣን ጋቤን ጋር ሆና ለብዙ ዘመን አብረው ኖረው መነጋገር ያቆሙ ባልና ሚስት ታሪክ ተጫወቱ። ባልየው ፍቅሩን ሁሉ ለድመቱ ይሰጣል፤ ሰፈራቸው በዙሪያቸው ይፈርሳል፤ እነርሱ በወረቀት ቍራጭ ይጻጻፋሉ። በበርሊን የፊልም በዓል ሁለቱም ተሸለሙ።

በ1977 ደግሞ እስራኤላዊው አዘጋጅ ሞሼ ምዝራሂ የሠራው «ማዳም ሮዛ» ወጣ። ማዳም ሮዛ ከአውሽቪትስ የሞት ሰፈር የተረፈች፥ በወጣትነትዋ መከራ ያየች፥ በፓሪስ ቤልቪል ሰፈር እናቶቻቸው ሊያሳድጉአቸው ያልቻሉ ልጆችን የምታሳድግ አሮጊት አይሁዳዊት ናት። ከልጆቹ መካከል ሞሞ የሚባለው ዐረብ ልጅ እስከ ሞትዋ ድረስ ይጠብቃታል። ፊልሙ የውጭ አገር ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር አገኘ፤ እርስዋም የፈረንሳይን የሴዛር ሽልማት ተቀበለች። በጦርነቱ ዘመን አይሁዳዊ ስምዋን የሸሸገችው ሴት በ56 ዓመትዋ የአይሁዳዊቱን አሮጊት ፊት በኩራት ለዓለም አሳየች።

የመጨረሻ ዘመንዋ

ሲኞሬ የቃልም ሰው ነበረች። በ1962 የሊሊያን ሄልማንን አንድ ቴአትር ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ መልሳ ራስዋ ተጫውታበታለች። በ1976 የሕይወት ታሪክዋን ጽፋ ብዙ ሕዝብ አነበበላት። በ1985 «ደኅና ሁን ቮሎድያ» የተባለ ትልቅ ልብ ወለድ አሳተመች። ይህ መጽሐፍ የሚናገረው ከፖላንድና ከዩክሬን ተሰድደው በፓሪስ ስለ ሰፈሩ የአይሁድ ቤተሰቦች ነው። ይኸውም የአባትዋ ወገን ታሪክ ማለት ነው። በወጣትነትዋ በግድ የተወችውን ስም በእርጅናዋ በፈቃድዋ ፈለገችው።

በዚያን ጊዜ የዐይንዋ ብርሃን እጅግ ደክሞ ነበር። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1985 በኖርማንዲ በኦቴዬ መንደር በነበራት ቤት በካንሰር በሽታ ሞተች፤ ዕድሜዋ 64 ነበር። በፓሪስ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ተቀበረች። ኢቭ ሞንታንም በ1991 ሲሞት በአጠገብዋ ዐረፈ።

ስምዋ ግን በሌላም መንገድ ተሻግሮአል። በ1954 በአሜሪካ አገር ዩኒስ ዌመን የተባለች ጥቁር ወጣት ፒያኖ ተጫዋች በምሽት ቤት ለመዝፈን ስትነሣ እናትዋ እንዳያውቁባት አዲስ ስም አስፈለጋት። ከስሙም አንዱን ክፍል በፊልም አይታ ካደነቀቻት ከሲሞን ሲኞሬ ወሰደች። ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ኒና ሲሞን እርስዋ ናት። በጦርነት ጊዜ ነፍስ ለማትረፍ የተያዘ ስም ከባሕር ማዶ ለሌላይቱ ጥላ ሆነ።

መደምደሚያ

ለጓደኛዬ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ተዋናይነት እንደ ማናቸውም ሙያ ድካም፥ ትዕግሥትና እውነተኛነት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በመልክ የሚጀመር ቢሆንም በመልክ አይፈጸምም። ሲሞን ሲኞሬ ፊትዋን ከጊዜ ሳትሸሽግ፥ ስምዋንም ለጥቅም ሳትሸጥ ኖረች፤ ስለዚህም ሁለቱም ቀሩላት።

ውድ ወላጆቻችን፥ ከልጆቻችሁ አንዱ «ተዋናይ ልሁን» ቢላችሁ ወዲያው አትቈጡ። «ድካሙን ትችለዋለህን? የምትፈርምበትንስ ነገር ታውቀዋለህን?» ብላችሁ ጠይቁት። እኛም ተማሪዎች ሐኪም ብንሆን፥ መምህር ብንሆን፥ ነጋዴ ብንሆን ያው ጥያቄ ይጠብቀናል። ሁላችንም በዚህ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ወላጆቻችን ባወጡልን ስም ተጽፈናል። ከዚህ ስንወጣ ግን በስማችን ላይ የሚጻፈውን የምንጽፈው እኛው ነን።